ሰይድዬ፣ መሐላህ እውነት ሆነ

ሰይድዬ፣ የኔ ጌታ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። መካ፣ ሐረም ውስጥ ጀናዛህ ላይ ሰግጃለሁ፤ መቃብርህ ጋ ግን እዚህ አገር ሴት አትደርስምና ወንዶቹ ተሸክመውህ ሲሄዱ እኔ ከአክስትህ ጋር እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የት ጋ እንደተኛህ እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። ስለዚህ የምነግርህን ሁሉ በወረቀት ላድርገው ብያለሁ።

ወሬ ይዣለሁ፤ ያውም የደስታ ወሬ። እንደምታውቀኝ ወሬ አፌ ውስጥ አያድርም። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ፤ አንተም እንደ ድሮው ኻላስ ወደ ነገሩ ግቢ ብለህ አታቋርጠኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ፔትሮሚን ሰፈር ያለችውን ክፍልህን አስረክበናል። ልብስህን አክስትህ ሰደቃ ሰጡት፤ ያችን ቀለም የነካካትን ጃኬት ግን ደብቄ አስቀረሁ። ጋራዡ ውስጥ አሁን በአንተ ቦታ አንድ የመናዊ መኪና ይቀባል። ጓደኛህ አብዱ ምስኪኑን ሰውዬ ያማዋል፤ እንደ ሰይድ ቀለም የሚያጣጥም አልተወለደም ይላል። እኔ እዚያው ሳፋ ሰፈር፣ እዚያው አሠሪዬ ማዳም ቤት ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ታድሷል። ማዳም ጉልበቷን ታማለች፤ ምላሷ ግን አልሐምዱሊላህ ሙሉ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንተ ፔትሮሚን፣ እኔ ሳፋ ሰው ቤት እያደርኩ፣ በአስራ አምስት ቀን አንድ ጁምዓ የምንገናኝ ባልና ሚስት ነበርን። ማዳም በሥራ ሰዓት የስልክ ወሬ አትወድም። ምሳ ተነሥቶ እሷ ጋደም ስትል ግን ሃያ ደቂቃ ትተርፈኝ ነበር፤ የስልክ ቼዝ ያስተማርከኝም ለዚያች ሃያ ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ላንተ፣ ሦስት ደቂቃ ለእኔ፣ ሰዓቱ ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል፤ ድምፅ የለ፣ ጫጫታ የለ። የሰው ባል ምን በላሽ ብሎ ይጠይቃል፤ አንተ ፈረስህን አዝልለህ ንግሥቴን ትበላብኛለህ። ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ስስቅ ማዳም ብታየኝ ጂን ያዛት ትለኝ ነበር።

አስራ አንድ ጊዜ አሸንፌሃለሁ ብዬ እኮራብህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? አስራ አንዱም ሰዓትህ አልቆብህ የተሸነፍክባቸው ናቸው። ቀርፋፋ እያልኩ ስም አወጣሁልህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ያንተ እንቁላል ግን ገና ቅርፊቱ ውስጥ ነው እያልኩ አላገጥኩብህ። አንተም ሳቅህን ብቻ ትልክልኝ ነበር።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ለዑምራ መካ ሄድክ፣ መንሱር ሰፈር አክስትህ ቤት አደርክ፣ ሱብሒን ሰግደህ ደረቴን አልክ፣ በዚያው ቀረህ። ይህን አላስረዝመውም፤ አላህ ያዘነልህ ሞት ነው፣ ሰውም ሁሉ በዱንያ ላይ የሚመኘው ቦታ ላይ ተሰግዶብሃል። እኔ ግን አበድኩ። በቃ፣ አበድኩ።

አራት ወር ከአስር ቀን የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ እዚያው አክስትህ ዘንድ ተቀመጥኩ። ማዳም፣ አላህ ይስጣት፣ ጨርሰሽ ተመለሽ አለችኝ። ከበር አልወጣሁም፣ ኩል አልነካሁም፣ ሽቶ አልቀባሁም። በሁለተኛው ሳምንት አብዱ ስልክህን ይዞ መጣና በአክስትህ በኩል ላከልኝ። ከፈትኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት የጋራዡ ጓደኞችህ የቼዝ ቡድን ውስጥ የላክኸውን ድምፅህን ነው። አቤት እንዴት እንዳለቀስኩ! ደግሞ እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ ስለ እኔ እየፎከርክ ነዋ። ሀያት ትናንትም ጉድ ሠራችኝ ትላቸዋለህ። አብዱ፣ ሚስቱን ፈርቶ ነው እንጂ ሴትዮዋስ ምንም አታውቅ ብሎ ይስቅብሃል። አንተ ደግሞ ደምህ ፈላ መሰለኝ፣ ወላሂ አንድ ጁምዓ ከእናንተ ጋር ብትቀመጥ አንድ በአንድ ትዘርራችኋለች ብለህ ማልክ። በአላህ ስም ማልክ፣ ሰይድ!

እኔም ደስ ብሎኝ እነዚያን አስራ አንድ ድሎቼን አንድ ባንድ ልያቸው ብዬ የድሮ ጨዋታዎቻችንን ከፈትኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አንዱንም አላሸነፍኩህም። በአንዱ ልትገድለኝ አንድ እርምጃ ቀርቶሃል፤ በሌላው ለእኔ ከንጉሤና ከአንዲት ወታደር በቀር ምንም አልተረፈኝም። አንተ ግን እጅህን ሰብስበህ ሰዓትህ እስኪያልቅ ዝም ብለሃል። ተናደድኩ፤ ለሐዘንተኛ የማይገባ ንዴት ተናደድኩ። ባል ሚስቱን እንዲህ ይንቃል? እንደ ሕፃን ያዝንላታል? ስልክህን ፍራሹ ላይ ወርውሬ ሁለት ቀን አልነካሁትም። አኮረፍኩህ፤ ሞተህም አኮረፍኩህ።

በሦስተኛው ቀን መልሼ ከፈትኩትና ከጨዋታው ሥር የተጻጻፍነውን አየሁ። አስራ አንዱም ላይ፣ ሰዓትህ ዝም ብሎ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት፣ እኔ አንዲት መልእክት ልኬያለሁ። ማዳም ጠራችኝ፣ መጣሁ። ሻይ አምጪ ብላኛለች፣ መጣሁ። በር ተንኳኳ፣ መጣሁ። ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ እሮጥ ነበር። አንተ ብታንቀሳቅስ የእኔ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ስመለስም ተሸንፌ አገኘዋለሁ። ስለዚህ አላንቀሳቀስክም። እኔ ሻይ እስክቀዳ የራስህን ሰዓት እያቃጠልክ ጠበቅከኝ። እኔ ደግሞ ተመልሼ ቀርፋፋ አልኩህ። ሰይድዬ፣ ዐውፍ በለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ ከሞትህ ቀን ይብሳል።

እንባዬ ሲደርቅ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አብዱ ያለው ልክ ነበር ማለት ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አታውቅም። አንተ ደግሞ በአላህ ስም ምለህ ሄደሃል። ዱዓ አደረግኩ፣ ሰደቃም ሰጠሁ፣ ልቤ አልረካም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ በለኝ፣ መሐላህን ያዝኩ። የኔ ባል ዋሾ ተብሎ አይቀርም! በአንዲት ጁምዓ ሁሉንም አንድ በአንድ እስክዘርር ድረስ አልተውም ብዬ ወሰንኩ። ያኔ ስልኩ የሚሰጠኝ የደረጃ ቁጥሬ ዘጠኝ መቶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ያንተ ሺህ አራት መቶ ነው።

አክስትህ መጀመሪያ ተቆጡ። ዒዳ ላይ ያለች ሴት ሸጠረንጅ ይዛ ፈረስ ትጋልባለች ወይ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። በሳምንቱ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ቁጭ አሉ። በወሩ፣ ይቺ ወታደር ምን ትጎለታለች፣ ግፊያት እንጂ ይሉኝ ጀመር። ደግሞ ትልቁን ምክር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ሕጉን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ። እኔ ስሸነፍ እልህ ይይዘኝና ወዲያው ሌላ እጀምራለሁ፤ እሱንም እሸነፋለሁ፣ ሌላ እጀምራለሁ። አዩኝ አዩኝና፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አንቺ ግን መልቀሙንም ትተሽዋል አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተሸነፍኩበትን ጨዋታ ከሥሩ ሳላይ፣ የት ጋ እንዳፈሰስኩ ሳላገኝ ሌላ አልጀምርም አልኩ። ሁለት ከተሸነፍኩ ደግሞ ስልኩን አስቀምጬ ቁርአኔን እከፍታለሁ። ቁጥሬ እንደ ሊፍት ወጣ ብልህ ውሸት ነው፤ ሁለት ወጥቶ አንድ ይወርድ ነበር። ግን ወጣ።

ሌላው ነገር የመጨረሻው ነው፤ ንጉሥና ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ። አንተ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነበር የምትጎዳኝ። የአክስትህ ወለል ሴራሚክ መሆኑን ታውቃለህ። ስምንት በስምንቱን ሰሌዳ አደረግኩት፤ የተምር ፍሬ ወታደር፣ ፊንጃል ንጉሥ። ሳይቸኩሉ የተማሩት ነገር ሲቸኩሉ አይጠፋም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል። እጄ ሳላስበው እስኪያውቀው ድረስ ፊንጃሉን ስገፋ ከረምኩ።

ዒዳዬን ጨርሼ ሳፋ ተመለስኩ። አብዱን ከቡድኑ የጁምዓ ውድድር አስገባኝ አልኩት። ከዐስር ሶላት በኋላ አስር ሰው ነው፣ ሁሉም በየስልኩ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር። በመጀመሪያዋ ጁምዓ ስንቱን አሸነፍኩ ብለህ ትገምታለህ? ባዶ! ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ሽንፈት። ምን ሆንኩ መሰለህ፤ ማዳም ስትጠራኝ መጣሁ ብዬ እጽፍና ስልኩን ኪሴ ከትቼ እሮጣለሁ። ስመለስ አልቋል። ለካ ሰው ሚስቱን ካልሆነ በቀር አይጠብቅም። በዚያው ሳምንት ማዳም ፊት ቀርቤ፣ በጁምዓ ከዐስር በኋላ አንዲት ሰዓት ለራሴ ስጪኝ አልኳት። ስድስት ዓመት ሠርቼላት ለራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አየችኝና፣ ለአንዲት ሰዓት ይህን ያህል መንቀጥቀጥ ምንድን ነው አለችኝ፤ ሰጠችኝ።

ከዚያ ጁምዓ በጁምዓ ሁለት አሸነፍኩ፣ አራት፣ ስድስት፣ አንዴ ደግሞ ስምንት። ሁሌም አብዱ ላይ እሰበራለሁ። የረመዳን ወር አለፈ፣ ዒድ አለፈ። ቁጥሬ ያንተን ሺህ አራት መቶ ሲያልፍ፣ ወላሂ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለፈው ጁምዓ ስምንቱን አንድ በአንድ ዘረርኳቸው። ቀረ አብዱ። በመሃል አንድ ወታደር ቀማኝ፤ ቢሆንም ገና አልተሸነፍኩም ነበር። እሱ አንድ ደቂቃ፣ እኔም አንድ ደቂቃ ሲቀረን ተራው ሆነና ዝም አለ። ሃምሳ። አርባ አምስት። አርባ። እያሰበ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ገባኝ፤ ያንን ዝምታ አስራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አብዱ ለሟች ጓደኛው ሚስት ሊለቅላት ነው። ለሐዘንተኛ የባሏን መሐላ በነጻ ሊሰጣት። ቸር ልብ ነው፣ አልጠላውም፤ ግን ውሸት ሆኖ ይቀራል። ጻፍኩለት፤ አብዱ፣ እኔን መጠበቅ የተፈቀደው ለባሌ ብቻ ነው፣ ያላ ተጫወት አልኩት። ሠላሳ ላይ ሲደርስ አንቀሳቀሰ። እኔም ሰዓቴ እንደሱ ሠላሳ እስኪሆን ድረስ እጄን ሰብስቤ ጠበቅኩ። ሐቅ ሐቅ ነው።

ከዚያ እሳት ሆንን። ግንብ በግንብ ተለዋወጥን፣ ንጉሥና ወታደሮች ብቻ ቀሩ። እሱ ቆም እያለ ያስባል፣ የኔ ጣት ግን መንገዱን ያውቀዋል። ንጉሤን በጎን አስገብቼ ሁለት ወታደሮቹን በላሁበትና የኔይቱን ገፋኋት፣ ገፋኋት፣ ገፋኋት። ጫፍ ደርሳ ንግሥት ሆና ስትነሳ አራት ሴኮንድ ቀርቶኝ ነበር። አብዱ እጁን ሰጠ። ዘጠኝ በዘጠኝ!

እልልታዬን ሳፋ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። ማዳም በታመመ ጉልበቷ እየሮጠች መጣች፣ ቤቱ ተቃጠለ ብላ። ዘጠኝ ወንድ አሸነፍኩ አልኳት። ዘጠኝ? አለችኝ። መብሩክ ብላ ሳመችኝና ለልጆቿ ሁሉ እየደወለች ስትናገር አመሸች። ከዚያ ቡድኑ ውስጥ የአብዱ ድምፅ መጣ፤ አላህ ይርሐምህ ሰይድ፣ የማልከው እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የበደልኩህ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ስምህን ጠርተው ዱዓ አደረጉልህ። ዘጠኝ ሰው፣ ሰይድዬ፣ በአንድ ጊዜ።

ሰኞ ማዳም ፈቅዳልኝ መካ ሄጄ በስምህ ዑምራ አደረግኩ። አክስትህ መንሱርን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰውታል፤ አሰልጣኟ እኔ ነኝ እያሉ ነው። አልዋሹም።

እንግዲህ ተኛ የኔ ጌታ፣ መሐላህ ከአንገትህ ወርዷል። የቀሩትን ጥፋቶችህን ራስህ መልስ፤ እኔ ዱዓውን በየጁምዓው አላጓድልብህም። የማያውቁህ ሰዎች ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ይሉኛል። መልክህን፣ ሥራህን፣ አገርህን አልነግራቸውም። እድሜ ልኬን የምለው አንድ ነው፦ ያለው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም እኔን ሲጠብቅ ጨረሳቸው።

ሚስትህ ሀያት