ሥጋውን ምን እንዳለሰለሰው

ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍስ መጣልሽ ወይስ አሁንም ጣራ ጣራ ስታዪ ነው የሚነጋልሽ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማኩረፉ በቀር አለሁ። በስልክ ልነግርሽ ብዬ ነበር፤ ግን ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰርብኛል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የምርምር ቤቱ ላጭ ነኝ፤ ኪዊ የሚሉትን የውጭ ፍሬ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሳጥን እልጣለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በየዕቃው ላይ ምን እንዳለበት ጽፌ እለጥፋለሁ። ያልተጻፈበት ዕቃ ከተገኘ ኃላፊያችን፣ ባለመነጽሯ፣ ጉድ ታፈላለች። ምን እንደሚያደርጉበት ብታዪ ትስቂ ነበር። ጥሬውን ጄሊ በሚሉት የሚረጋ ጣፋጭ ውስጥ ሲከቱት ጄሊው አልረጋም ብሎ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ወተት ውስጥ ከገባ ወተቱ ይመርራል። ጠንካራ ሥጋ ከተቀባ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥጋው እንደ ቅቤ ይሆናል። እኔን ያጠፋኝ ይሄኛው ነው።

ያን እሑድ እኔ ቤት ምሳ የበላችሁ ዕለት፣ አንቺ መቼም አትረሺው። ባልሽ ሁልጊዜ "የአንቺን ሥጋ ለመብላት ጥርስ መበደር ያስፈልጋል" ሲለኝ እስቃለሁ እንጂ ሆዴ ያርር ነበር። ዘንድሮስ አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ፣ ከሥራ ቦታ የተረፈ የኪዊ ጭማቂ በብልቃጥ ይዤ መጣሁ። ሥጋውን አሸሁበት፣ ጠበስኩት፤ የቀረውን ጥሬውን ደግሞ እንዲያብረቀርቅ ላዩ ላይ አፈሰስኩት። ባልሽ ሁለቴ አስጨመረ። ልጅሽ፣ "አክስቴ፣ ምን አድርገሽበት ነው?" አለችኝ። "ሙያ ነዋ!" አልኳት። ትንሽ ቆይታ አፌን አሳከከኝ አለች። ሙዝም ሲያሳክካት አይደል የኖረው? ቅምጥል ብያት አንድ ቁራጭ ጨመርኩላት።

የሚቀጥለውን ታውቂዋለሽ። ትንፋሿ ሲያጥር አንቺ ቦርሳሽን ወለሉ ላይ ገለበጥሽው፤ የምትስባት የአስም መድኃኒቷ ቤት ቀርታለች። ሆስፒታል ስንደርስ ገና ነፍሷ አልወጣችም ነበር። ሐኪሙ ብቅ ብሎ ምን በልታ ነው ሲል፣ አንቺ ግድግዳ ተደግፈሽ ስለነበር እኔ መለስኩ። ሥጋ ብቻ ነው አልኩት። ባልሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ የኪዊውን ነገር እሱ ፊት ማንሳት ከበደኝ።

አስም ነው ተባለ። ባልሽም ከቀብር መልስ መድኃኒቷን ረስተሽ ገደልሻት ብሎሽ ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። አንቺም አመንሽው። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን መድኃኒት በደረትሽ ሸጉጠሽ ትዞሪያለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊዋ ታማ ስለቀረች፣ ባለመነጽሯ ኪዊውን ለሙከራ ሊቀምሱ ለመጡት ሰዎች መጠይቁን አንብቢላቸው አለችኝ። ሙዝ ሲበሉ አፍዎን ያሳክክዎታል? አስም አለብዎት? ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ፊደሉ ጠፋኝ። ወደ ጓዳ ወስዳ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አንዱ ፍሬ የሚያሳክከውን ሰው ሌላውም ሊጎዳው እንደሚችል፣ አስም ካለበት ደግሞ እንደሚብስ ነገረችኝ። እኔ የጠየቅኳት ስለ መድኃኒቷ ብቻ ነበር።

"እሷ ብቻዋን አታድናትም ነበር" አለችኝ። "የሚያስፈልጋት መርፌ ነው። ሐኪሙ የበላችውን ቢያውቅ ኖሮ..." ብላ ዓይኔን አይታ ተወችው።

እህቴ፣ አንቺ አይደለሽም። መድኃኒቷን ከደረትሽ አውጪያት። ይህን ወረቀት ለባልሽም አሳዪው፤ የሚለኝን ይበለኝ።

ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም ብዬ ልጽፍልሽ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሬሳው እስኪሰጣችሁ ድረስ ግን እኔ ቀድሜያችሁ ቤት ገብቻለሁ። ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ናቸው። ያጠብኩት ብልቃጡን ነው።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። እኔ ያጎደልኩትን እሱ ባወቀው ይሙላልሽ። እህትሽ ብዬ ልፈርም እጄ እምቢ አለኝ።

የእናትሽ ልጅ