የጋሽ ተፈራ እናት ጠፍር

ማክሰኞ

ጠፍሩን ጥዬዋለሁ። ዓርብ ዕለት በቢላ በጣጥሼ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ጠረግኩት። ዛሬ ጋሽ ተፈራ ደወሉ። «ልጄ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ጠፍር እንዳትነኪው። ያሰረችው እናቴ ናት። መንገሩን ዘንግቼው ነው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ አያስቡ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጠመንጃው ውጅግራ ነው፤ ጥይት የማይገኝለት፣ ለግድግዳ ብቻ የሚሆን። አባታቸው ለአንድ ስዊድናዊ ሐኪም ሰጥተውት ኖሮ፣ አምና የሐኪሙ የልጅ ልጆች ዕቃ ቤት ውስጥ አግኝተው ለጋሽ ተፈራ መለሱላቸው፤ እሳቸውም እንዳድሰው ሰጡኝ። ከእናታቸው እጅ የቀራቸው ይኸው ጠፍር ብቻ ነበር። የሰደፉ አንገት ሲሰነጠቅ እናታቸው በእርጥብ ቆዳ ጠምጥመው አሰሩት፤ ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጨብጦ ይይዛል። እኔ ሃያ ዓመት የቤት ዕቃ ያደስኩት ባለሙያ ግን «ይሄም ጥገና ተብሎ» ብዬ ስቄያለሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም ሳቄ አሁን ያሳፍረኛል።

ረቡዕ

ከሥራ ቦታዬ ሥር ያለው ሶፕሩም፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክፍል፣ ገብቼ የቆሻሻ ከረጢት ስፈታ ዋልኩ። የዓርቡ ሰኞ ተወስዷል። የሕንፃው ጠባቂ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ። ቀለበት አልኩት። ሁለተኛ ውሸት።

ስንጥቁ በሙጫ ገጥሟል፣ የተልባ ዘይቱም እንጨቱን አብርቶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፎቶውን ለሰው ሁሉ እልክ ነበር። አሁን ማየት አልፈልግም።

ከመንካቴ በፊት ያነሣሁት አንድ ፎቶ አለ። ጠፍሩ ዘጠኝ ዙር ነው።

ሐሙስ

ጥሬ ቆዳ ስቶክሆልም ውስጥ የት ይገኛል? ፋርስታ፣ የውሻ ምግብ መሸጫ። ውሾች የሚያኝኩት አጥንት መሳይ ነገር ጥቅልል ጥሬ ቆዳ ነው። ሦስት ገዛሁ፤ ባለሱቋ የውሻዬን ስም ጠየቀችኝ።

መታጠቢያ ቤት ዘፍዝፌው ልጄ ሳራ አየችው። «ማማ፣ ስካ ቪ ስካፋ ሁንድ?» ውሻ ልናመጣ ነው ወይ ማለቷ ነው። አይደለም ስላት ፊቷ ጭፍግግ አለ። ሰው ማሳዘን ለምዶብኛል።

ዓርብ

በቀጭኑ ተልትዬ፣ ጎትቼ ጠመጠምኩት። ዘጠኝ ዙር። ላይ ላዩን በፀጉር ማድረቂያ አድርቄ በሻይ ቅጠል ውሃ አጠየምኩት። ቁርጥ የድሮው። ለአንድ ደቂቃ በራሴ ኮራሁ፤ ከዚያ የኮራሁበት ነገር ምን እንደሆነ አሰብኩ። ለእኚህ ሰው፣ በእናታቸው እጅ ምትክ፣ የውሻ ማኘኪያ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መኪና ውስጥ አስተኝቼ ሁስቢ፣ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ከጠፍሩ አልፎ ይታይ የነበረውን ስንጥቅ ፈልገው ቢያጡት መረቁኝ። ምርቃቱ አቃጠለኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ጠፍሩ ላይ ደረሰና ቆመ።

«እናቴ ግራኝ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው።

ክው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አየሁ። የሳቸው እናት የጠመጠሙት ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ዙሩን ቆጥሬ አቅጣጫውን አላየሁም።

ሁሉንም ተናገርኩ። ቢላውን፣ ሶፕሩሙን፣ የውሻውንም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ተፈራ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ማክሰኞ ደውዬልሽ ነበር እኮ» አሉ። «ጣልኩት ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙቅ ውሃና ፎጣ አስመጡኝ። እርጥቡን ፎጣ ጠፍሩ ላይ ሲያደርጉ፣ እንጨት ውሃ አይወድም ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቆዳው እስኪላላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ ሌላውን በግራ እጄ አስያዙኝ። «ወዲያ። ሳቢው። አሁንም ሳቢው።» ሦስት ጊዜ አመለጠኝ፣ ሦስት ጊዜ አስጀመሩኝ። ቋጠሮውን ራሳቸው ቋጠሩት።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። «የመጣው ሰው ሁሉ ጠፍሩን ማን አሰረው ማለቱ አይቀርም» አሉ። «ምን ልበል?»

«‹ያሰርኩት እኔ ነኝ› ይበሉ» አልኩ ቀና ሳልል።

«የጣለችው ልጅ ናት እላለሁ።»

ሳይስቁ ነው ያሉት። ደግሞም፣ ቆዳው በደንብ እስኪደርቅ ሳምንት ስለሚፈጅ በሚመጣው እሁድ መጥቼ እንዳየው አዘዙኝ። በምን ዓይኔ እንደማያቸው አላውቅም። ግን እሄዳለሁ።