ሲወርድ ያልሸጥሽው

ሚጡዬ፣

ቁልፉ ምንጣፉ ስር ነው። ከፋርማሲ ስትመለሺ ሾርባውን አሙቂና ለአባባ ስጪው፤ ከኔ እጅ አልበላም ብሏል።

ስድስት ወር ሙሉ "አክሲዮን አስር በመቶ ከወረደ ሽጠሽ ውጪ" ስልሽ ከረምኩ። አንቺ የገዛሽው አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር የነበረበትን የአውቶቡስ ድርጅት አክሲዮን ነው፤ በወረደ ቁጥር ጨመርሽበት። ትናንት "አንቺን ማስተማር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው!" ብዬ ጮኽኩብሽ።

"ወንድም ጋሼ፣ ስለወደቀ ጥዬው ልሂድ?" አልሽኝ።



ዛሬ ሐኪሙ ደውሎ ነበር። አባባ ከእንግዲህ አይነሳም አለኝ። ፊት ለፊት ልነግርሽ አቅም አጣሁ።

ሻንጣዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ሲሞት ቆሜ ማየት አልችልም። ተማሪዋ አንቺ ነበርሽ፤ ትምህርቱን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሲወድቅ ጥዬው ወጣሁ።

አክሲዮኑን እንዳትሸጪው።