ግድግዳው ሩቅ ነው

ዛኸር፣ አል ዐይን
ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ፣ ወንድሜ ዘይኑ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ከደጃፍህ ጀምሮ እስከ ጓዳህ ይግባልህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ኮሮናውም እስካሁን አልነካኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። አንተ የምትደውልልኝ እማ ጋ ስትመጣ ነው፤ ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርገዋለህ፣ እማ አጠገብህ ቁጭ ብላ ትሰማለች፣ ደግሞም ሰው አታስጨርስም። ጓደኛዬ ነጃት ሐሙስ አገር ስለምትገባ በእጇ ልኬዋለሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

"እማ አዲሱን ቤት አልገባም ብላለች፤ ከመጪው ጁምዓ በኋላ አሮጌውን አፈርሰዋለሁ፣ ያኔ ሳትወድ ትገባለች" ያልከኝን ሰማሁ። መጀመሪያ እኔም ተናድጄ ነበር። የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ ያሠራሁትን ቤት እንዴት እምቢ ትላለች አልኩ። ቆይ ግን፣ አሁን የምነግርህን ስማ።

ያ ፎቶውን ልኬልህ፣ ለግንበኛው "እንዲህ አድርግልኝ" ብለህ ያሳየኸው የማዳም ቤት፣ አቡ ዳቢ አል ካራማ ያለው፣ ውብ ነው፤ አልዋሽም። ከውጭ የመጣ አርክቴክት ነው የነደፈው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ውስጡ ሜዳ። ለመጽሔት ሊያነሱት ሲመጡ መጥረጊያውንና ነጠላ ጫማዬን ሳይቀር ደብቂ ብለውኛል። ሰው የማይኖርበት ሲመስል ነው ለካ የሚያምረው። ቀድሞ ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለሚገባ ጉዱን ያወቀ አልነበረም። ኮሮና መጥቶ በር ሲዘጋብን የልጆቹ ትምህርት፣ የማዳም ስልክ፣ የባሏ የባባ ስብሰባ፣ የእኔ ድስት፣ ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ማንኪያ ቢወድቅ ሁሉም ይደነግጣል። ያን ሁሉ ቤት ያሠራው ባባ ስብሰባውን መኪናው ውስጥ ገብቶ ማካሄድ ጀመረ። ማዳምም ማልቀስ ሲያምራት የእኔ ጠባብ ክፍል መጥታ በሩን ትዘጋ ነበር።

ከሁሉም የተጎዳችው ግን ማማ ናት፣ የማዳም እናት። እዚህ ዛኸር ትኖር ነበር፤ በሽታው ሲመጣ ብቻዋን አትሁን ብለው አቡ ዳቢ ወሰዷት። ማማ ዓይኗ ደክሟል። በገባች በሳምንቱ ክፍት መስሏት መስታወቱን በግንባሯ ገጨችው። ከዚያ ወዲህ ከሶፋው አልነሳ አለች። ውሃ ስትፈልግ እኔን፣ ሽንት ቤት ስትፈልግ እኔን። ማዳም "ዩማ፣ ቤቴን ጠላሽው እንዴ?" ስትላት ምን አለች መሰለህ፦ "ቤቱስ ደህና ነው፤ ግድግዳው ሩቅ ነው።" ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አሏህ ይቅር ይበለኝ።

መንገዱ ሲከፈት "ቤቴ መልሱኝ" ብላ አላስቀምጥ አለቻቸው፤ እኔን አስከትለው መለሷት። የማማ ቤት ዝቅ ያለ፣ ኮሪደሩ ጠባብ፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ቤት ነው። ከመኪና ወረደች፣ በሩን አለፈች፣ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና ሄደች። ዝም ብላ ሄደች፣ ዘይኑ። እኔ ሻንጣውን አውርጄ ሳልጨርስ እሷ ኩሽና ደርሳ ውሃ ቀድታ ትጠጣለች። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የለሰለሰ መስመር አለ፤ እጇ ስንት ዘመን የሄደበት ነው። ያኔ እማ ትዝ አለችኝ።

አዲሱን ቤት ልታሳያት የወሰድካት ቀን በሩ ላይ ቆማ "ግድግዳው ራቀኝ" አለች ብለህ አልነገርከኝም? "ጠባብ ለምዳ ነው" ብለህ አሳቅኸኝ።

ወላሂ አሁን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። በቪዲዮ ስናወራ እማ ፊቷን የምታዞረው ድምፄ ወደመጣበት ነው፤ እኔ ኔትወርኩ ነው እል ነበር። ለዒድ የላክሁላትን ቀሚስ "ቀለሙን ወደድሽው?" ስላት "ያንቺ እጅ የነካው ሁሉ ያምራል" አለችኝ። አንተ ከደሴ የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ነው፤ እሷ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ጀሪካኑም፣ አልጋውም፣ መስገጃውም የት እንዳለ እጇ ያውቀዋል። በምን ታውቅባታለህ? ዘይኑ፣ እናታችን ዓይኗ አያይም። እንዳናዝን ደብቃን ነው።

ስለዚህ አደራህን፣ ቤቱን አታፍርስባት። ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ። ታወቀብኝ ብላ እንዳታፍር ግን "ዓይኔን ልመረመር ነው፣ ብቻዬን ፈራሁ፣ አብረሽኝ ነይ" በላት። ከአሮጌው በር እስከ አዲሱ በር ደግሞ እጇ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ግንብ ሥራላት፤ መሐል ላይ አይቋረጥ። ሰፊውን ሳሎን ለሁለት ክፈለው። መስታወቱ ይቅር። ፎቶ ላይ ባያምር አልቀየምህም።

ማማ ግድግዳዋን ይዛ እየመጣች ነው፤ ሻይ አምሯት ይሆናል። አሏህ እማን ያቆይልን፣ አንተንም ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልጆችህን ለወግ ያብቃልህ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሲታደስ እመጣለሁ፣ ኢንሻአሏህ። በድሮው በራችን ትቀበለኝ። እዚያ ከሆነ ማንም ሳይመራት ወደ እኔ መምጣት ትችላለች።

እህትህ ሰዓዲያ