የዘሀራ ብርዝ

ታኅሣሥ 28፣ ጎንደር

ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ለዘሀራ፣ ለነገው ገና ብዬ የበረዝኩትን ማር አማቴ የጠጅ ገምቦ ውስጥ ገልብጠውታል። "ምነው እማማ?" ብላቸው፣ "ታጥቧል እኮ! ቢፈላስ በአንድ ብርጭቆ ማን ይሰክራል?" አሉኝ። ስለ ስካር መች አወራሁ! ስንት ዓመት ጠጅ የለመደ ገምቦ እርሾው በውሃ ብቻ ይለቃል? ጆሮዬን ሳስጠጋ ቡልቅ ቡልቅ የሚል መሰለኝ። እንዳልቀምሰው ሌሊት እቆርባለሁ። እንደገና እንዳልበርዝ ከማክሰኝት የመጣው ማር አልቋል።

አመሻሽ ላይ ዘሀራ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ "ብርዜን አደራ!" አለችኝ። አማቴ አጠገቤ ቆመዋል። "እሺ" አልኳት፤ ምላሴን ይቁረጠውና።

ነገ የሚቀዱት አማቴ ናቸው። ዘሀራ ደግሞ ከእሳቸው እጅ ተቀብላ፣ ሳትጠይቅ ነው የምትጨልጠው።