የገዱ ጋቢ

ለውድ እናቴ፣

ባልደረባዬ ገዱ ከሥራ ታግዷል። ዓርብ ጠዋት ደባርቅ ላይ ኮሚቴ ይቀመጥበታል።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን የዛሪማ ሙቀት አሻለው ወይ? እኔ ደኅና ነኝ፤ አሁን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እኅቴ ጽጌሬዳ ስለሆነች ለእሷ ጆሮ የማይሆነውን አልጻፍሁም። አንቺው ሙዪው።

ሳንቃ በር ፓርኩን ከምንጠብቀው ስካውቶች ደርቤን ብታዪው ትወጂዋለሽ። ሰው ሲከፋው ያስቃል፣ ሲያዝን አብሮ ያለቅሳል። ገዱ ግን ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ነው።

ያመመኝ ቀን ጉም ወርዶ መኪና አልነበረም። ደርቤ ደጃፌ ላይ ቆሞ «አይዞሽ እኅቴ፣ እግዜር ይማርሽ» አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ የጥበቃ ተራው ደርሶ ሄደ። ከልቡ ነው ያዘነልኝ። ገዱ ምን ሆንሽ አላለኝም። ወለሉን አየና ወጣ፤ በቅሎ ጭኖ ተመለሰ፤ ጋቢውን ኮርቻው ላይ አነጠፈልኝ። እስከ ቡይት ራስ ያናገረው በቅሎዋን ብቻ ነው። «አንቺ ደግሞ አታቃስቺ፣ አንዷ ትበቃናለች» አላት። በዚያ ሕመም መሐል ሳቅሁ። ከዚያ መኪና ለምኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ።

ጋቢውን አልመለስሁለትም። ደጋግሜ አጠብሁት፣ እድፉ አልለቀቀም። አንቺ ወልደሻልና ይገባሻል። በፋሲካ ይዤው የመጣሁት ሰው ስልኬን አያነሳም።

ያን ቀን ገዱ እኔን ሊያደርስ በሄደበት ከብት ፓርኩ ውስጥ ገባ። አለቆቹ የት ነበርህ ሲሉት «ሄጄ ነበር» ብቻ አላቸው። ደርቤን ተናገርለት ስለው «የሰው ገመና አላወጣም» አለኝ። አሁንም እየመጣ ያጽናናኛል፤ ሲሄድ ቤቱ ይበልጥ ጭር ይላል። ገዱን ራሱን እኔ እናገራለሁ ስለው «አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ እርሻ አለኝ» አለኝ። እርሻው ግማሽ ጥማድ ድንጋይ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ከኮሚቴው አንዱ የዛሪማ ሰው ነው። የምናገረው በማግሥቱ ደጅሽ ይደርሳል፤ አባቴ የቀደሱበት ደብርም ይሰማዋል። ከሰው አፍ ሳትሰሚው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው የጻፍሁት።

የአባቴ አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ቤትሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ።

ምስክር የሚቀበሉት እስከ ሐሙስ ነው። ከመናገሬ በፊት፣ ረቡዕ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልክሽን እጠብቃለሁ።

ልጅሽ