ፏፏቴና ፈረስን ላጋቡት ክቡር ሊቀመንበር፦ ስለ ቦታ ቁጥር 17 አሥራ አንድ ነዋሪዎች

ለክቡር ሚስተር ሊቪንግስተን ፔኒኩክ
የሰሜን ዳርቻ መዝናኛዎች ቦርድ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከአየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰፊ ወንበርዎ ሁሉም ደኅና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኮተን ገሊ ሰዎች ደግሞ ቦርድዎ ሳይታክት ስለሚያስብልን፣ ሲያስብልን ደግሞ እንቅልፍ ስለሚነሳን፣ ከዚህ በቀር ደኅና ነን።

ኦስበርት ዊንት እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰባት እርከን ፏፏቴ ላይ እንግዳ ሳወጣ የኖርኩ መሪ ነኝ። እዚህ ጃማይካ ውስጥ ፏፏቴ የሚወጣው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው፤ እኔ ከፊት ሆኜ የመጀመሪያውን እጅ እይዛለሁ፣ እሱ የሚቀጥለውን ይይዛል፣ እንዲህ እያልን ከባሕሩ ዳር ተነሥተን፣ ውኃው ደረታችንን እየመታን፣ በሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ እስከ ጫፉ እንዘልቃለን። አንዱን ቢያዳልጠው ዘጠኙ ይይዙታል። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲይዝ የኖረ ሰው፣ የሌላ ሰው እጅ ወደ ኪሱ ሲገባ ቶሎ ይሰማዋልና ለመጻፍ ተገደድኩ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ቦርድዎ «ፏፏቴና ፈረስ በአንድ ቀን» የተባለውን መርሐ ግብር ስላወጣልን እናመሰግናለን። እንግዳው ጠዋት ፏፏቴውን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እርጥብ እንደሆነ ፈረስ ላይ ይሰቀላል፤ በጫካው መንገድ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ እዚያም ፈረሱ እንደ ልማዱ ሰውየውን በጀርባው ይዞ ይዋኛል። እርጥብ ሱሪ ከኮርቻ ጋር ሲገናኝ ጭን ላይ የሚያደርገውን ነገር እዚህ አልዘረዝርም፤ እንግዶቹ በሁለተኛው ቀን አካሄዳቸው ራሱ ይናገራል። ሐሳቡ ግን ሸጋ ነው። ይህን ያህል ሸጋ ሐሳብ ያለ ምክንያት ወደ ኮተን ገሊ መጥቶ ስለማያውቅ ነው ሆዴ የጠረጠረው።

ምክንያቱም ፈረሶቹ ከፏፏቴው በላይ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ከፏፏቴው በላይ ያለው ሜዳ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የአክስቴ የኢቫድኒ ግቢ፣ በእናንተ አጠራር ቦታ ቁጥር 17። ቅድመ አያቶቻችን ከባርነት ነፃ በወጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ የገዙት የቤተሰብ መሬት ነው። አይሸጥም፣ አይከፈልም፣ የሁሉም ልጅ ነው። ወረቀት ከነበረውም ከብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች አንዱ ወስዶታል። የእኛ ወረቀት ዛፎቹ ናቸው። ልጅ ሲወለድ እትብቱ እዚያው ግቢ ይቀበራል፣ በላዩ ዛፍ ይተከላል፣ ዛፉም በልጁ ስም ይጠራል፤ ልጁ ለንደን ቢሄድም ቢሞትም ስሙ ከዛፉ ላይ አይወርድም። ይህንን ለቦርድዎ ስናስረዳ «ዛፍ ማስረጃ አይሆንም» የሚል አጭር መልስ መጣልን። ከዚያም የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በሚደረገው ስብሰባ፣ በቦታው ሰው ይኖርበት እንደነበር የሚያሳይ ማኅተም ያለው ወረቀት ካልቀረበ፣ መሬቱ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ «ለፈረሶች ምቾት ሲባል» ለቦርዱ እንደሚሆን ተነገረን። የሰማንያ አራት ዓመቷ አክስቴ የትም የሚሄዱበት ሌላ ቤት የላቸውም። ስለዚህም የሚከተሉትን ጥቃቅን ጥርጣሬዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የፈረሶቹን ምቾት በተመለከተ። በመንደራችን ያሉት ፈረሶች ስምንት ናቸው። ባለፈው ወር ግን የጭነት መኪና መጥቶ አርባ የእጅ መታጠቢያና አርባ በር አራገፈ። በሮቹ ቁጥር አላቸው። የፈረሶቹ ባለቤት፣ የአጎቴ ልጅ ክሎቪስ፣ ሹፌሩን ጠጋ ብሎ ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ በር ለማን ነው?»

«ለፈረሶቹ ነው አሉን።»

«ቁጥር ያለው በር?»

«ጌታዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፤ ፈረሶችህ ቁጥር ያንብቡ አያንብቡ አልነገሩኝም። እዚህ ጋ ፈርምልኝና ልሂድ።»

ክሎቪስ አልፈረመም። ከፈረሶቻችን ትልቁ ዲያቆን ይባላል፣ ሲሄድ አንገቱን ስለሚደፋ። ዲያቆንን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲተኛ ከውስጥ ቆልፎ አያውቅም። ምናልባት ቦርድዎ ስለ ፈረስ እኛ ያላወቅነውን አውቆ ይሆናል። ወይም ደግሞ ከፈረሶቹ ጀርባ አርባ ክፍል ያለው ሆቴል ተደብቆ ይሆናል፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ በሮቹ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስለሚራመደው አጥር። ሠራተኞቻችሁ አጥሩን ሰኞ ዕለት ሲተክሉት ከአክስቴ ግቢ ውጭ ነበር። ረቡዕ ዕለት አኪ የምንለውን የፍሬ ዛፍ አልፎ ገባ። ዓርብ ዕለት አክስቴ ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቀሚሳቸውን ለማንሣት ከዘበኛው ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። የሠራተኞቹን አለቃ ስጠይቀው «በዝናቡ ምክንያት አፈሩ ተንሸራቶ ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሚያንሸራትት ቦታ ነው፤ ሽቅብ የሚንሸራተት አፈር ግን ያየሁት ቦርድዎ ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቡናዬ በፊት አጥሩን በእርምጃዬ እለካለሁ። ሰላምታም እሰጠዋለሁ፤ እንግዲህ ከእኛ ጋር ሊኖር ከወሰነ መተዋወቁ አይከፋም።

ሦስተኛ፣ ስለ ክቡር መልእክተኛዎ ስለ ሚስተር ታሎክ። እዚህ ላይ ቅሬታዬ ከምስጋናዬ ጋር ስለተደባለቀብኝ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ሚስተር ታሎክ በቦታ ቁጥር 17 ማን እንደሚኖር ሊመዘግብ ከኪንግስተን ተልኮ መጣ። ሥራውንም መርሐ ግብሩን ከመሞከር ጋር ላጣምረው አለ። ፏፏቴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «መነጽርዎን ይስጡኝ ጌታዬ፣ በውኃ መከላከያው ከረጢት ልያዝልዎ» ብዬ ብለምነው «ተወኝ፣ ሕፃን አይደለሁም» አለኝ። ሦስተኛው እርከን ላይ ውኃው መነጽሩን ወሰደው። ከዚያ በኋላ እስከ ጫፉ የወጣው እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነው። ላይ ስንደርስ፣ እሱ ውኃ እያንጠባጠበ ሳለ፣ ክሎቪስ ዲያቆን ላይ ሰቀለው፣ በከረጢቴ ሳይረጥብ የወጣውን መዝገቡንም አቀበለው።

አክስቴ ኢቫድኒ ከደጃፋቸው ወጡ። ሚስተር ታሎክም ከፈረሱ ሳይወርድ፣ «እናቴ፣ እዚህ ቦታ ላይ የሚኖሩት እነማን ናቸው?» አላቸው።

«ና፣ አንድ በአንድ ላሳይህ» አሉት፤ የዲያቆንንም ልጓም ይዘው ወደ ጥላው መሩት። «ይህቺ ሃያሲንት ናት።»

ሚስተር ታሎክ ወደ ኮኮናቷ ዛፍ ዞሮ በጨዋ ደንብ «እንደምን አደሩ» አለ። መልስ ባይመጣም ቅር አልተሰኘም። «ዕድሜያቸው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ሥራቸውስ?»

«እሷማ ሰጥታ አትጠግብም። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከእሷ ጠጥቶ ነው ያደገው።»

ጻፈ። ወደ ዳቦ ፍሬው ዛፍ አለፉ። «ይሄ ካስበርት ነው። ቤቱን የሚመግበው እሱ ነው።» ጻፈ። ወደ ማንጎው ሲደርሱ አክስቴ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይሄ ሮይስተን ነው፤ ይሄ ሰነፍ! ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ከመዋል በቀር አንድ ነገር አላደረገም።»

«ኧረ ይተዉአቸው እናቴ፣ ሰው ፊት አያሳፍሯቸው» አለ ሚስተር ታሎክ፤ ደግ ሰው ነው። «ለመሆኑ ከዚህ ቦታ ርቀው ያውቃሉ?»

«የት ይሄዳሉ ልጄ? ከተወለዱ ጀምሮ ንቅንቅ ብለው አያውቁም።»

እንዲህ እያሉ አሥራ አንዱንም አዳረሱ። አሥራ አንደኛዋ፣ የልጄ ልጅ ኬዚያ፣ ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ችግኟ ከጉልበት ስለማይበልጥ ሚስተር ታሎክ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለላት። በዚህ መሐል ቀትር ሆነ። ዲያቆን ደግሞ በቀትር ባሕር ይገባል፤ ንጉሥም ቢጫንበት አይቀርም። ሚስተር ታሎክን ይዞ ቁልቁል ወረደ፣ ይዞትም ዋኘ። መልእክተኛዎ ግን ውኃው እስከ አገጩ ሲደርስ እንኳ መዝገቡን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አንዲት ጠብታ እንዳታገኘው ጠበቀ። እንዲህ ያለ የመንግሥት አገልጋይ ባይኖረን ኖሮ ዛሬ በእጃችን ምንም ወረቀት አይኖርም ነበር።

በኋላ አክስቴን «ዛፎች እንደሆኑ ለምን አልነገሩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዓይን ላለው ሰው ዛፍ ነው ብዬ ልንገረው እንዴ? እንድሰድበው ነው የምትፈልገው!» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖስተኛው አሥራ አንድ ደብዳቤ ይዞልን መጣ። እያንዳንዳቸው በስም፣ በዕድሜና በሥራ ተለይተው ተጽፈዋል። ሃያሲንት ዊንት፣ 62፣ ሞግዚት። ካስበርት ዊንት፣ 70፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ። ሮይስተን ዊንት፣ 55፣ ሥራ አጥ። የኬዚያ ደብዳቤ «በሞግዚቷ በኩል» ይላል። ከሁሉም ግርጌ እንዲህ የሚል ቃል አለ፦ «በቦርዱ መዝገብ መሠረት ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ሳያቋርጡ በቦታ ቁጥር 17 መኖርዎ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በስብሰባው ላይ በአካል እንዲገኙ እናዛለን።» ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ማኅተም።

ደብዳቤዎቹን ጡረታ ለወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለሚስ ዳልሪምፕል አሳየኋቸው። አንዱን አነበቡ፣ ሁለተኛውን አነበቡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። «ኦስበርት፣ ወረቀት አምጡ ብሎ ያስጨነቃችሁ ሰውዬ ራሱ ወረቀቱን በፖስታ ላከላችሁ፣ ያውም ቴምብሩን ከኪሱ ከፍሎ» አሉኝ። አሥራ አንዱንም እንዳሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሽገን፣ ቅጂያቸውን ለሦስት ሰዎች ሰጥተን አስቀምጠናል። አጥርዎ ከመራመድ አልፎ ማንበብ ቢጀምር ብለን ነው።

ሐሙስ ዕለት ነዋሪዎቹ በአካል ይገኙ ብለው አዝዘዋል። ከሮይስተን ስንፍና የተነሣ፣ የቀሩትም ቢሆኑ ከቤት መውጣት ስለማይወዱ፣ ስብሰባው ወደ እነሱ እንዲመጣ እንለምናለን። ክቡርነትዎን ፏፏቴውን የማወጣዎ እኔ ራሴ ነኝ። ሦስተኛው እርከን ላይ እጅዎን እንደማልለቅ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ እምላለሁ፤ ይህን ያህል ቃል ከቦርድዎ ተቀብለን ስለማናውቅ ለእርስዎ አዲስ ነገር ይሆንልዎታል። የሚስተር ታሎክ መነጽርም ከድንጋዩ ሥር ተገኝቷል። ለሚቀጥለው ምዝገባ ያስፈልግ እንደሆነ ይዤው እመጣለሁ።

የፈረሶችን ምቾት አስቦ የሰውን ቤት ለረሳው፣ እጁ ረጅም ለሆነው ቦርድዎ የማያልቅ ዕድሜና የማይጠፋ ማኅተም እየተመኘሁ፣ ከአክስቴ ደጃፍ፣ አጥሩ ትናንት ከደረሰበት አራት እርምጃ ርቄ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኦስበርት ዊንት
የሰባት እርከን ፏፏቴ መሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የቦርድዎ ማሽን ለአጥሩ መንገድ ለመክፈት ኮኮናቷን ቆርጦ ጣላት። ሃያሲንት እህቴ ናት፤ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የሆስፒታል ልብስ ማጠብ ከጀመረች አርባ ዓመት ሆናት። በስልክ ስነግራት «ኦስበርት፣ እንግዲህ እኔ ስሞት ወዴት ነው የምትመልሱኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ። በመዝገብዎ ተራ ቁጥር አንድ ላይ «ሃያሲንት ዊንት፣ 62፣ ሞግዚት፣ ቋሚ ነዋሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ደብዳቤዋም በእጅዎ ተፈርሟል። ዛፍ ነበረች የሚሉ ከሆነ መዝገብዎ ውሸት ነው። ሰው ነበረች የሚሉ ከሆነ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ፖሊስ ጣቢያው ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት በር አልፎ ነው፤ በሩም ቁጥር አለው።